ሽቦውን ከመንቀልህ በፊት

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የመጣ ጥያቄ ነው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ።

«ጋሼ፣ የ1971 ኤምጂቢ፣ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና፣ ገዝቻለሁ። ሞተሩ ጥሩ ነው፣ ኤሌክትሪኩ ግን አሰቃይቶኛል። በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳልሰጠው፣ ሲሠራ የፊት መብራቱ ይደበዝዛል። መብራት አብርቼ የግራ ፍሬቻ ሳሳይ ወይ ይቆማል ወይ እየተጎተተ ይበራል። ባለፈው ወር ከክሩስኮቶው ስር የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ፣ አንድ ፊውዝም ተበጠሰ። ሳጥኑ ላይ 35 ስለሚል ከመለዋወጫ ሱቅ ባለ 35 አምፔር ገዝቼ ከተትኩ። ከዚያ ወዲህ አልተበጠሰም። ሁሉም ሰው የኤሌክትሪክ ዕቃውን የሠራውን የእንግሊዝ ኩባንያ እየጠራ ‹ሉካስ ነው፣ ምን ትጠብቃለህ› ይለኛል። ስለዚህ ሽቦውን በሙሉ ነቅዬ ለማንኛውም መኪና ይሆናል የሚባለውን ባለ 12 መስመር ኪት ልዘረጋ ነው። ባለ 100 አምፔር አልተርኔተር፣ ኤልኢዲ መብራት፣ የኤሌክትሪክ ማራገቢያና ቴፕም ላስገባ አስቤያለሁ። ደግሞ የእንግሊዝ መኪና ቦዲው ላይ የሚታሰረው ፖዘቲቩ ነው ሲሉ ሰማሁ። ሁለት ቅዳሜና እሁድ ይበቃኛል?»

መጀመሪያ ያ ባለ 35 አምፔር ፊውዝ ዛሬውኑ ይውጣ። ሌላው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ይህን ብዙ ሰው ይሳሳተዋል። ሉካስ ፊውዙ ላይ የሚጽፈው ፊውዙ የሚበጠስበትን ቁጥር ነው። የሉካስ 35 ያለማቋረጥ የሚሸከመው 17 አምፔር ገደማ ነው። የአሜሪካ የብርጭቆ ፊውዝ ላይ የተጻፈው 35 ግን ሳይበጠስ የሚሸከመው ነው። ቁጥሩ አንድ፣ አቅሙ እጥፍ። ከዚያ ሳጥን ከሚወጡት አረንጓዴ ሽቦዎች ቀጫጭኖቹ 1 ሚሊ ሜትር ካሬ ናቸው። በደህና የሚሸከሙት 8 አምፔር ገደማ ነው። አሁን ባለው ሁኔታ ከፊውዙ ቀድሞ የሚቃጠለው ሽቦው ነው። «ከዚያ ወዲህ አልተበጠሰም» ያልከው መልካም ዜና አይደለም፤ ጥበቃው ስለጠፋ ነው። ባለ 15 አምፔር ክተት። መጥረጊያና ማሞቂያ አንድ ላይ ስትከፍት ካልቻለ 20 አድርገው። ከ20 በላይ በፍጹም አትሂድ።

ወጣት ሳለሁ አዲስ አበባ እሠራበት የነበረ ጋራዥ አንድ ላንድሮቨር ተጎትቶ መጣ። ፊውዙ ላይ የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ተጠቅልሎበት ነበር። ከክሩስኮቶው ስር ያለው ሽቦ በሙሉ ቀልጦ እንደ ሰም አንድ ላይ ተጣብቋል። ባለቤቱ የቆጠበው የአንድ ፊውዝ ዋጋ ነው፤ ያጣው መኪናውን ለሁለት ወር ነው። ያን ቀን ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ለዚህ ነው ከፊውዙ የጀመርኩት።

ስለ ፖዘቲቩ የሰማኸው እውነት ነው፣ ያንተን መኪና ግን አይመለከትም። ኤምጂቢ በ1962 ሲወጣ ፖዘቲቩ ነበር ማሳ፣ ማለትም ከመኪናው ብረት ጋር፣ የሚታሰረው። ኤሌክትሪክ የሚያመነጭለትም እውነተኛ ዳይናሞ ነበር። እኛ በልማድ ሁሉንም ዳይናሞ እንላለን እንጂ ዳይናሞና አልተርኔተር ይለያያሉ። በ1967 መጨረሻ ማርክ 2 የተባለው ሁለተኛው ዓይነት ሲመጣ አልተርኔተር ገባ፣ ማሳውም ወደ ነጌቲቭ ዞረ። ያንተም እንደዚያ መሆን አለበት። ግን መኪናው ከሃምሳ ዓመት በላይ በሰው እጅ ኖሯልና አትመን፣ እይ። ከወንበሮቹ ጀርባ ያለውን ክዳን ክፈት። ፋብሪካው እዚያ ሁለት ባለ 6 ቮልት ባትሪ በተከታታይ አስሮ ነበር ያስቀመጠው። ወደ ቦዲው የሚሄደው ገመድ ከየትኛው ምልክት እንደሚነሳ ተመልከት። አልተርኔተር ያለበት መኪና ላይ ባትሪ ገልብጠህ ካሰርክ ውስጡ ያሉት፣ ኤሌክትሪኩን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉት ዳዮዶች ወዲያው ይሞታሉ።

አሁን ወደ ሉካስ እንምጣ። ስሙ የጠፋው ያለ ምክንያት አይደለም፣ ግን ፍርዱ ትክክል አይደለም። የመዳብ ሽቦ እንዲሁ ተቀምጦ አያረጅም። የሚያረጀው መገናኛው ነው። በዚህ መኪና ውስጥ ሽቦና ሽቦ የሚገናኙት እንግሊዞቹ «ጥይት» በሚሏት 4.7 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባላት ትንሽ ጫፍ ነው። ጥይቷ በጎማ በተሸፈነ ቱቦ ውስጥ ትገባለች። ውሃ ይገባል፣ ሜሪላንድ በክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ይገባል፣ ቱቦው ውስጥ አረንጓዴ ዝገት ይወጣል። አንድ መስመር መብራቱ ጋ እስኪደርስ እንዲህ ያለ መገናኛ ሦስትና አራት ጊዜ ያልፋል። በእያንዳንዱ ላይ ትንሽ ትንሽ ቮልት ይቀራል። ሌላው ጥፋት የቀድሞ ባለቤቶች ነው። ክሩስኮቶህ ስር ብትገባ ሽቦውን ከጎኑ የሚነክስ ሰማያዊ ፕላስቲክ መገናኛ እንደምታገኝ እርግጠኛ ነኝ። እሱን ሉካስ አላስገባውም። ያየኸውን ሁሉ አውጣ።

የነገርከኝ ምልክቶች ብዙ ይናገራሉ። የፊት ፍሬቻህና የፓርክ መብራቱ የሚኖሩት አንድ ቤት ውስጥ ነው፣ ማሳቸውም አንድ ነው። ፍሬቻው ብቻውን ሲሆን የታመመው ማሳ እንደምንም ይችለዋል። መብራት ስትጨምርበት ግን ሁለቱ በአንድ ጠባብ በር ለመውጣት ይጋፋሉ። ፍሬቻውን የሚያበራና የሚያጠፋው የድሮው ፍላሸር በሙቀት ነው የሚሠራው። በቂ አምፔር ካላለፈበት አይሞቅም፣ ካልሞቀ አይመታም። ችግሩ የግራው ብቻ መሆኑ፣ መብራት ሲበራ ብቻ መምጣቱ ጣቱን የሚቀስረው በግራ ፓራፋንጎ በኩል ወዳለው ማሳ ነው። ቦታውን እስከ ብረቱ አጽዳ፣ አዲስ ጥቁር ሽቦ ከቦዲው ጋር እሰር። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። በአሜሪካው ኤምጂቢ የፍሬቻው ኤሌክትሪክ ፍሬቻዎቹን ሁሉ አንድ ላይ የሚያበራውን የሃዛርድ ማብሪያም አልፎ ነው የሚሄደው። ማብሪያው ለዓመታት ሳይነካ ስለሚቀመጥ ውስጡ ይቆሽሻል። ባትሪው ተፈትቶ ሳለ ሠላሳ አርባ ጊዜ አብራው፣ አጥፋው።

የመብራቱ መደብዘዝ ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛ፣ የዚያ ዘመን ሉካስ 16ኤሲአር አልተርኔተር ቢበዛ 34 አምፔር ይሰጣል፣ በሚኒሞ ደግሞ ከዚያ በጣም ያነሰ። ቀበቶው ከላላ ይብሳል። ሁለተኛው ይበልጣል። የፊት መብራቱ 10 አምፔር ገደማ በሙሉ ከባትሪው ተነስቶ ክሩስኮቶው ላይ ያለችውን ትንሽ ማብሪያ ያልፋል። ከዚያ መሪው ጎን ያለውን የረጅምና የአጭር መቀየሪያ ያልፋል። ከዚያ ራዲያተሩ አጠገብ ያሉትን ጥይቶች አልፎ ነው አምፖሉ ጋ የሚደርሰው። ሪሌ፣ ማለትም በትንሽ አምፔር ታዞ ትልቁን የሚያሳልፍ ማብሪያ፣ የለውም፤ ፊውዝም የለውም። የሽቦ አምፖል ቮልቱ በ10 ከመቶ ሲወርድ ብርሃኑ በሲሶ ገደማ ይቀንሳል። አንድ ተኩል ቮልት መንገድ ላይ ከቀረ ሌሊት መንገዱን አታይም።

ይህን በግምት አታድርገው፣ ለካው። ጥሩ ቴስተር ከመቶ ዶላር በታች ይገኛል። ሞተሩን አስነሳ፣ መብራቱን አብራ። አንዱን ጫፍ የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን የአምፖሉ ፖዘቲቭ መግቢያ ላይ አድርግ። ባትሪው ከኋላ ስለሆነ ረጅም ሽቦ ያስፈልግሃል። የምታየው ቁጥር መንገድ ላይ የጠፋው ቮልት ነው። ከግማሽ ቮልት ከበለጠ መስመሩ ታሟል። ከዚያ ጫፎቹን በአምፖሉ ማሳና በባትሪው ነጌቲቭ መካከል አድርግ። እዚህ ከ0.2 ቮልት ከበለጠ ማሳው ታሟል። ቀጥለህ መገናኛ በመገናኛ እየተጠጋህ ብትለካ ቮልቱን የሚበላውን ታገኘዋለህ። ሞተሩ ከሚኒሞ ከፍ ብሎ ሲሠራ ባትሪው ላይ ከ14 እስከ 14.5 ቮልት ማየት አለብህ።

የተቃጠለው ሽታ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የመኪናውን ዕጣ የሚወስነው እሱ ነው። አረንጓዴዎቹን ሽቦዎች በሚጠብቀው ፊውዝ ስር መጥረጊያው፣ ፍሬቻው፣ የፍሬን መብራቱ፣ የማሞቂያው ማራገቢያና የነዳጅ ጌጁ አሉ። አንዱ ጋ አረንጓዴ ሽቦ ተልጦ ብረት ነክቷል። ባትሪውን ፍታ፣ ነጌቲቩን አስቀድመህ። ከክሩስኮቶው ስር ግባና ሽቦዎቹ አንድ ላይ የታሰሩበትን ጥቅል ፈልግ። የቀለጠው አንድ ሽቦ ብቻ ከሆነ፣ ያውም ከጥቅሉ ውጭ፣ ያቺን ብቻ ቀይር። የቀለጠው ሽቦ ወደ ጥቅሉ ውስጥ ከገባና ጎረቤቶቹን ከነካ፣ ወይም ቡናማዎቹ ሽቦዎች ስታጥፋቸው ልባሳቸው እየተሰነጠቀ ከሆነ፣ ጥገና ይብቃ። ጥቅሉ ይቀየር። ግን የመኪናው ሽቦ በየክፍሉ ነው የሚሸጠው። የሞተር ክፍሉና የክሩስኮቶው ዋና ጥቅል አንድ ነው፣ ወደ ኋላ የሚሄደው ሌላ ነው። የኋላው ደህና ከሆነ አትንካው።

ስትቀይር ያንን ባለ 12 መስመር ኪት አትግዛ። ይህን በጥብቅ እነግርሃለሁ። የእኛ ጋራዥ ቋንቋው ጣሊያንኛ ነው፤ ፍሬቻ፣ ክሩስኮቶ፣ ማሳ እያልን ነው ያደግነው። የእንግሊዝ መኪና ቋንቋው ደግሞ ቀለም ነው። ቡናማ ሁልጊዜ ኃይል ያለው ፊውዝ የሌለው ነው። ነጭ ቁልፍ ሲከፈት ኃይል የሚያገኝ ፊውዝ የሌለው። አረንጓዴ ቁልፍ ሲከፈት በፊውዝ የሚያልፍ። ሐምራዊ ሁልጊዜ ኃይል ያለው በፊውዝ። ሰማያዊ የፊት መብራት፣ ቀይ የፓርክና የኋላ፣ ጥቁር ማሳ። ሰማያዊ ላይ ነጭ መስመር ካለ ረጅሙ፣ ቀይ ካለ አጭሩ መብራት ነው። ላንድሮቨርም ትራያምፍም በዚሁ ነው የሚናገሩት። የኪቱን ሽቦ ስትዘረጋ ይህን ሁሉ ታጠፋዋለህ። ከዚያ ወዲያ ለመኪናው የታተመ የኤሌክትሪክ ሥዕል በሙሉ ከንቱ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ሌሊት መንገድ ላይ ብትቆም የሚረዳህ ሰው አይኖርም፤ አንተም ራስህ ትረሳዋለህ። በተጨማሪ የኪቱ ጫፎች ከማብሪያዎችህ ጋር አይገጥሙም። ስለዚህ አዲሶቹን ጫፎች ሁሉ በእጅህ ትሠራለህ። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው።

በዋናው ቀለምና ርዝመት ተሠርቶ፣ ጫፉ ተጨርሶ የሚመጣ ጥቅል አለ። እሱን ግዛ። ስታዝ ዓመቱን ብቻ ሳይሆን የሻንሲውን ቁጥር ስጥ፤ ወደ አሜሪካ የተላከው ሽቦ እንግሊዝ ከቀረው ይለያል። አዲሱ እጅህ ሳይገባ አሮጌውን አትንቀል። ከመንቀልህ በፊት እያንዳንዱን ጫፍ በወረቀት ፕላስተር ጽፈህ ለጥፍ፣ ፎቶ አንሳ። ከነቀልክ በኋላ ሁለቱን ወለል ላይ ጎን ለጎን ዘርጋና ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ አመሳክር። አሮጌውን ሥራው እስኪያልቅ አትጣል። ሽቦ ብረት በሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ አዲስ የጎማ ቀለበት አስገባ። ያንተን አረንጓዴ ሽቦ የላጠው እንዲህ ያለ ጎማ የሌለው ቀዳዳ ቢሆን አይገርመኝም።

የምትጨምረው ሽቦ የመኪና ሽቦ ይሁን፣ ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው። የቤት ሽቦ ወፍራም መዳብ ስለሆነ በንዝረት ይሰበራል። ጥይቶቹን ለራሳቸው በተሠራ ፒንሳ ጭመቅ፤ በተራ ፒንሳ ተጨፍልቆ የተያዘ ጫፍ ቆይቶ ይላላል። በብየዳ የተያዘም ይሠራል፣ ግን የቀለጠው ብየዳ ወደ ሽቦው ክሮች ዘልቆ ሲቀዘቅዝ ሽቦው እዚያ ጋ ይደርቅና ይሰበራል። ብየዳ ከመረጥክ ሽቦውን ከጫፉ አጠገብ ከቦዲው ጋር አስረህ እንዳይርገበገብ አድርገው።

ማሻሻያው ላይ ስንመጣ፣ ከሁሉ በፊት ገንዘብህን የሚክስህ ሪሌ ነው። ለአጭሩ አንድ፣ ለረጅሙ አንድ። ኃይሉን ሞተር ከሚያስነሳው ሞተሪኖ ማብሪያ፣ ከሶሌኖይዱ ላይ፣ ቡናማዎቹ ከሚሰበሰቡበት፣ በወፍራም ሽቦ ውሰድ። ለእያንዳንዱ ሪሌ ባለ 15 አምፔር ፊውዝ ከመነሻው አጠገብ አድርግ። 30 ቁጥር ኃይል መግቢያ ነው፣ 87 ወደ መብራት የሚወጣው። አሮጌዎቹ ሰማያዊ ሽቦዎች አሁን 86 ላይ ገብተው ሪሌውን ብቻ ያዛሉ፣ 85 ማሳ። ከሪሌ ወደ መብራት 2 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ይበቃል። ክሩስኮቶው ላይ ያለችው ማብሪያ ከ10 አምፔር ሸክም ወደ ሩብ አምፔር ገደማ ትወርዳለች። መብራትህ የዚያኑ ሌሊት ይለወጣል። የነዳጅ ፓምፑ ነጭ መስመርም በፋብሪካ ፊውዝ የለውም፤ እዚያም አንድ ጨምር።

ባለ 100 አምፔር አልተርኔተር አያስፈልግህም። ትልቅ አልተርኔተር አምፔር አይገፋም፤ ዕቃዎቹ የሚስቡትን ብቻ ነው የሚሰጠው። አብረን እንደምር። የፊት መብራት 10፣ ሌሎቹ መብራቶች 4፣ የሞተሩ ኢግኒሽን 4፣ መጥረጊያ 3፣ ማሞቂያ 5። ሃያ ስድስት ገደማ ነው። የኤሌክትሪክ ማራገቢያ 10 ቢጨምር 36። ስለዚህ 34ቱ ያጥራል፣ ከ45 እስከ 65 የሚሰጥ ግን ከበቂ በላይ ነው። አደጋው ሌላ ቦታ ነው። ባትሪው ባዶ ሆኖ ስታስነሳ ትልቁ አልተርኔተር አቅሙን በሙሉ ወደ ባትሪው ይልካል፤ ያ ሁሉ በአሮጌው ቡናማ ሽቦ ያልፋል። ስለዚህ 45ም ሆነ 65 ስታስገባ ከአልተርኔተሩ እስከ ሶሌኖይዱ አዲስ ወፍራም ሽቦ ጨምር።

ማራገቢያውን ለአሁኑ ተወው። ራዲያተሩ ንጹህ ከሆነ የፋብሪካው ማራገቢያ ለሜሪላንድ በጋ ይበቃል። ቴፑ ቀላል ነው፤ የራሱ ፊውዝና ከቦዲው የሚነሳ የራሱ ማሳ ይኑረው፣ ከአረንጓዴው መስመር አትቀጥለው።

ኤልኢዲ ላይ ሦስት ጥንቃቄ አለኝ። በድሮው የፊት መብራት ቤት ውስጥ ኤልኢዲ አምፖል ብቻ መክተት በአሜሪካ የፌዴራል ደንብ አይፈቀድም። ብርሃኑም ተበትኖ የመጪውን ሰው ዓይን ያሳውራል። የኤምጂቢ የፊት መብራት 7 ኢንች ክብ ነው። ኤልኢዲ ከፈለግህ የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት (ዲኦቲ) ምልክት ያለበትን ሙሉ ቤት ግዛ። እኔን ብትጠይቀኝ በሪሌ የሚሠራ ጥሩ ሃሎጅን ለዚህ መኪና ይበቃል። ፍሬቻው ላይ ኤልኢዲ ካደረግክ የሙቀት ፍላሸሩ አይመታምና በኤሌክትሮኒክ ለውጠው። ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። ክሩስኮቶው ላይ ያለችውን የቻርጅ ቀይ መብራት ኤልኢዲ አታድርጋት። አልተርኔተሩ ሥራ የሚጀምረው በእሷ ክር ውስጥ በሚያልፈው አምፔር ነው። ኤልኢዲ ከሆነች አልተርኔተሩ ላይነሳ ይችላል፣ አንተም አልተርኔተር ትቀይራለህ።

ሁለት ቅዳሜና እሁድ አይበቃም። ማሳ ማጽዳትና ሪሌ ማስገባት በአንድ ቅዳሜና እሁድ ያልቃል። ዋና ጥቅል መቀየር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራው ሰው ከ40 ሰዓት በታች እንዳይመስልህ። አትቸኩል፤ የተሳሳተ ሽቦ የሚገባው ሰው ሲደክመው ነው።

ስለዚህ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው። ፊውዙን ዛሬ ቀይር። ሽታው ከየት እንደመጣ ሳታገኝ መኪናውን አትንዳ። ማሳዎቹን አጽዳ፣ ለካ፣ ሪሌ አስገባ። ጥቅሉ ውስጥ የቀለጠ ካገኘህ ዋናውን ጥቅል በሻንሲ ቁጥር አዝዘህ ቀይር። አልተርኔተርና ኤልኢዲ ከዚያ በኋላ ይምጡ። ሁለቱ ባትሪዎች ካረጁም ቦታው የሚችለው አንድ ባለ 12 ቮልት ይተካቸዋል። አጠገቡም ኃይሉን በሙሉ የሚቆርጥ ማብሪያ አድርግ።

ስትሠራ ቀለበትና ሰዓት አውልቅ። ቀለበት በባትሪና በብረት መካከል ከገባ ጣት ያቃጥላል። የነዳጅ ፓምፑ ከኋላ ቀኝ ጎማ አጠገብ፣ ከባትሪው ብዙ ሳይርቅ ነው ያለው። እዚያ አካባቢ የነዳጅ ሽታ ካለ ገመድ አትንካ፣ አየሩ እስኪጠራ ጠብቅ። የእሳት ማጥፊያ እጅህ የሚደርስበት ቦታ ይሁን፣ ጋራዡ ጥግ ሳይሆን። ለሙከራ ቁልፍ ከፍተህ ሞተር ሳታስነሳ የምትቆይ ከሆነ ለሻማዎቹ ኃይል የሚሰጠው ቦቢና ላይ የገባውን ነጭ ሽቦ ንቀል፤ አለበለዚያ ቦቢናውና ኤሌክትሪኩን የሚቆራርጥለት ፑንቲና ይጋገራሉ።

ሁሉም ታስሮ ሲያልቅ ባትሪውን በቀጥታ አታገናኝ። ባለ 21 ዋት የፍሬን አምፖል ሁለት ሽቦ ቀጥልለት። አንዱን የባትሪው ነጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ወደ ቦዲው በሚሄደው ገመድ ላይ አድርግ። ቁልፉና ማብሪያው ሁሉ ተዘግቶ አምፖሉ በደንብ ከበራ የሆነ ቦታ ሾርት አለ። አምፖሉ ስለሚገድበው ሽቦህ አይቃጠልም። ፊውዞቹን አንድ በአንድ አውጣ፤ ሲጠፋ ያ መስመር ነው። ፊውዝ ሁሉ ወጥቶም ከበራ ቡናማዎቹን ተከተል። አምፖሉ ጭራሽ ካልበራ መብራቱን፣ ፍሬቻውን፣ ፍሬኑን በየተራ ሞክር። አምፖሉ እንደ ሸክሙ ደመቅ ፈዘዝ ይላል፣ ያ ጤነኛ ነው። ከዚያ አምፖሉን አንሳና ገመዱን እሰር።